የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሚቀላ፣ የሚያነባና የሚጨፈን የውሻ ዐይን

ወደዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ውሾች ዐይን የሚጠይቁት ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቹም ዞረው ዞረው “የትኛውን ጠብታ ላድርግለት?” በሚል ጥያቄ ይደመደማሉ። ጥያቄው ከአሳቢነት የመነጨ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን የሳተ ይመስለኛል። የዐይን መቅላት በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከአቧራ ቅንጣት አንሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርሃን እስከሚያጠፋ የውስጥ ግፊት ድረስ ብዙ ምክንያቶች በአንድ ዓይነት ቅላት ስለሚገለጡ፣ ለአንዱ ፈውስ የሆነው ጠብታ ሌላውን ሊያሳውር ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒት ስም ከመጠየቁ በፊት ውሻው ዐይኑን እንደ ወትሮው ይገልጣል ወይስ ይጨፍናል፣ ችግሩ የአንድ ዐይን ነው ወይስ የሁለቱም፣ የጀመረው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ የሚሉት ነገሮች ቢስተዋሉ ሐኪሙም ባለቤቱም ብዙ ድካም ይቀንስላቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ውሻ ዐይኑን ሲያመው ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ ይጨፍናል።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ። ከ3 ቀናት በፊት ረጅም ሣር ውስጥ ሲሯሯጥ ቆይቶ ሲመለስ ግራ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ነበር። በማግስቱ ዐይኑ ቀልቶ እንባው አላቋርጥ ስላለ፣ ባለፈው ዓመት ለባለቤቴ ታዝዞ የተረፈ የዐይን ጠብታ ቤት ውስጥ ስለነበረ በቀን 3 ጊዜ ጨመርኩለት። መጀመሪያ ቅላቱ ሲቀንስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ዐይኑን ጭራሽ አልገልጥም ብሏል፤ በግድ ገልጬ ሳየውም ላዩ ላይ ግራጫ ነጥብ ይታየኛል። ጠብታውን ልቀጥል ወይስ በሌላ ልቀይረው?

መልስ፦ ጠብታውን አሁኑኑ ያቁሙ፤ በሌላም አይተኩት፤ ውሻዎንም ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ለሕክምና ሲሄዱ የተጠቀሙበትን ጠርሙስ ይዘው መሄድዎን አይርሱ፤ ሐኪሙ ከሚጠይቅዎ ጥያቄዎች ሁሉ ዋነኛው ምናልባት እርሱ ሊሆን ይችላልና።

የነገሩን ሂደት ከደብዳቤዎ ተነሥቼ ሳስበው ምክንያቱ የሣር ዘር ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። ውሻ ከላይኛውና ከታችኛው ሌላ፣ ወደ አፍንጫ በሚቀርበው የዐይን ጥግ ውስጥ ተሰብስቦ የሚቀመጥ ሦስተኛ የዐይን ቆብ አለው። ሹል ጫፍ ያለው የሣር ዘር ወደ ዐይን ሲገባ ብዙ ጊዜ ከዚህ ቆብ ጀርባ ይሸሸጋል፤ ባለቤቱ ዐይኑን ገልጦ ቢመለከት ምንም ነገር አያይም፤ ውሻው ግን ዐይኑን ባርገበገበ ቁጥር ዘሩ ኮርኒያውን፣ ማለትም የዐይንን ፊት እንደ መስታወት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ንጣፍ፣ ይፍቀዋል። ይህ ንጣፍ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን የነርቭ ጫፎች በብዛት ስለሚገኙበት ትንሽ ጭረት እንኳ ከፍተኛ ሕመም ያስከትላል። በድንገት፣ በአንድ ዐይን ብቻ፣ ያውም ከሣር ወይም ከቁጥቋጦ መልስ የመጣ መጨፈን ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ኮርኒያ ቁስል ይቆጠራል። አሁን የሚያዩት ግራጫ ነጥብ ደግሞ ቁስሉ ውኃ እየቋጠረ፣ ከዚያም ከባሰ በተህዋስያን እየተበከለና ወደ ውስጥ እየጠለቀ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

የጠብታውን ስም አልጻፉልኝም፤ ሆኖም የመጀመሪያ ቀን ቅላቱ መቀነሱና ከዚያ በኋላ ነገሩ መባሱ ስቴሮይድ ያለበት መሆኑን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞንና ሃይድሮኮርቲዞን የሚባሉት የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከአንቲባዮቲክ ጋር በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ስለሚቀርቡ ሰው አንቲባዮቲክ ብቻ የጨመረ ይመስለዋል። ስቴሮይድ ብግነትን ስለሚያስታግሥ ቅላቱ ይጠፋል፤ ነገር ግን ቁስሉ ተመልሶ እንዳይሸፈን ያዘገየዋል፣ አካባቢውን የሚጠብቀውን የሰውነት መከላከያ ያዳክማል፣ ኮርኒያን የሚያሟሟ ኢንዛይም እንዲበረታም ሊያደርግ ይችላል። በዚህ መንገድ በቀላሉ ሊድን ይችል የነበረ ጭረት ዐይንን እስከ መቅደድ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ቅላቱ መቀነሱ ያታለለው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ በሥራዬ ካየኋቸው የከፉ የዐይን ቁስሎች ብዙዎቹ “ተሽሎት ነበር” በሚል ቃል የጀመሩ ናቸው። ስቴሮይድ ያልሆኑት ቅላት አጥፊ የሰው ጠብታዎችም ቢሆኑ የደም ሥርን በማጥበብ ምልክቱን ከመሸፈን በቀር ምክንያቱን አይነኩም፤ ውሻው ጠርሙሱን አኝኮ ቢውጠው ደግሞ ልብንና የደም ግፊትን የሚያዛባ መመረዝ ያስከትላሉ።

ሐኪሙ ዐይኑን በጠብታ አደንዝዞ ከሦስተኛው ቆብ ጀርባ ይፈትሻል፤ ቀጥሎም ፍሎረሲን የተባለ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ማቅለሚያ ይጨምራል። ይህ ማቅለሚያ ጤነኛው የኮርኒያ ገጽ ላይ አይዝም፤ ገጹ የተላጠበት ቦታ ላይ ግን ይጣበቅና በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ በዚህም የቁስሉ ስፋት ይታወቃል። ላይ ላዩን ብቻ የሆነ ቁስል፣ ምክንያቱ ከተወገደና አንቲባዮቲክ በታዘዘው ሰዓት ከተጨመረለት፣ በ1 ሳምንት ገደማ ውስጥ መዳን አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልዳነ አብዛኛው ሰው ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይጠይቃል፤ ትክክለኛው ጥያቄ ግን “ያላየነው ምን አለ?” የሚለው ነው። የቀረ ዘር፣ ወደ ውስጥ የበቀለ ፀጉር፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ የዐይን ቆብ ወይም የእንባ ማነስ ሊኖር ይችላል። በቦክሰር ዝርያና ዕድሜያቸው በገፋ ውሾች ላይ ደግሞ አዲሱ የኮርኒያ ቆዳ ከሥሩ ካለው ንጣፍ ጋር አልጣበቅ ስለሚል፣ ሐኪሙ የላላውን ቆዳ ጠርጎ ካላነሣው በቀር ቁስሉ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ሕክምና እስኪያገኝ ድረስ ውሻው ዐይኑን በእግሩም በምንጣፍም እንዳያሽ ይጠብቁት፤ አንገት ላይ የሚታሰረው የጥሩንባ ቅርጽ ያለው የፕላስቲክ መከላከያ ካለዎት አሁን ያጥልቁለት። ዐይኑ ላይ የተሰካ ነገር ቢያዩ በወረንጦ ለመንቀል አይሞክሩ፤ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ማወቅ አይቻልምና። ለሰው የሚሰጡ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችንም አይስጡት፤ የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ሴት ኮከር ስፓንያል ውሻዬ ከ1 ዓመት ወዲህ ሁለቱም ዐይኖቿ ወፍራም፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ዐይናር ያወጣሉ። 4 ጊዜ የተለያየ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ተሰጥቷት ነበር፤ እያንዳንዱን ስትጀምር ይሻላታል፤ በጨረሰች በ1 ሳምንት ውስጥ ግን ይመለሳል። ይህ መድኃኒት የማይበግረው ምን ዓይነት ተህዋስ ነው?

መልስ፦ ተህዋሱ ጥፋተኛ ነው ብዬ አላምንም። በሰው ላይ በተህዋስ ብቻ የሚመጣ የዐይን መቅላት የተለመደ ስለሆነ ስለ ውሻም እንደዚያው ማሰባችን አይቀርም፤ በውሻ ላይ ግን ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ችግር ከከፈተለት በር የሚገባ እንግዳ ነው። እንግዳውን 4 ጊዜ አስወጥታችሁታል፤ በሩ ግን እስከ አሁን አልተዘጋም።

በሩ ምን እንደሆነ ከዚህ ሆኜ በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም፤ የሚገልጹት ዓይነት ተጎትቶ እንደ ክር የሚሳብ ዐይናር፣ ሁለቱንም ዐይኖች መያዙ፣ ቀስ በቀስ መምጣቱና የውሻዋ ዝርያ ሲደማመሩ ግን የዐይን መድረቅን በቀዳሚነት ያስጠረጥራሉ። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከቅባት፣ ከውኃና ከዝልግልግ ፈሳሽ የተዋቀረ ስስ ልባስ ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በስሕተት የእንባ ዕጢዎችን ሲያጠቃ የውኃው ክፍል ይጎድልና ዝልግልጉ ብቻውን ይቀራል፤ ዐይኑም ደርቆ ሳለ የሚታየው ግን ደረቅነት ሳይሆን የተትረፈረፈ ዐይናር ነው። ብዙ ባለቤቶች “እንዴት ደረቀ ይባላል፣ ሁልጊዜ እርጥብ አይደለም እንዴ?” ብለው የሚከራከሩኝ በዚህ ምክንያት ነው። አንቲባዮቲኩ ለጊዜው የሚሻላትም ጠብታው ራሱ ዐይኑን ስለሚያርስና በላዩ የሰፈሩትን ባክቴሪያዎች ስለሚቀንስ እንጂ ሥሩን ስለነካ አይደለም።

ምርመራው ቀላል ነው፤ የሽርመር ፈተና ይባላል። ጠባብ የመምጠጫ ወረቀት ጫፉ ታጥፎ ከታችኛው የዐይን ቆብ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ይቀመጥና እንባው ወረቀቱን ምን ያህል እንዳራሰ ይለካል። 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጤነኛ ነው፤ ከ10 በታች ሆኖ ምልክት ካለ የዐይን መድረቅ መኖሩን ያሳያል፤ ከ5 በታች ከባድ ነው። ፈተናው ማንኛውም ጠብታ ከመጨመሩ በፊት መደረግ ስላለበት በቀጠሮው ቀን ጠዋት ዐይኗን በምንም ነገር አይጠቡት። 1 ዓመት ሙሉ ዐይናር ባወጣ ውሻ ላይ ይህ ፈተና ካልተደረገ ባለቤቱ ስሙን ጠርቶ ቢጠይቅ ድፍረት አይሆንበትም።

ፈተናው ጥርጣሬያችንን ካረጋገጠ መድኃኒቱ ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ የተባለ፣ መከላከያ ሥርዓቱን በዐይን አካባቢ ብቻ የሚገታ ቅባት ወይም ጠብታ ነው። ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ይወቁ። አንደኛው፣ ውጤቱ ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይሞላ አልሠራም ብሎ መፍረድ አይገባም፤ እስከዚያው ድረስ ሰው ሠራሽ እንባ በቀን ብዙ ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሕክምናው በአብዛኞቹ ውሾች የዕድሜ ልክ ነው፤ ዐይኗ ሲጠራ ካቆሙት ይመለሳል፤ ይህን ጊዜ ግን ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይሆንም። ችላ ከተባለ ደረቁ ኮርኒያ ቀስ በቀስ የደም ሥርና ጥቁር ቀለም እየለበሰ መጥቶ የማየት ኃይልን ይጋርዳል። ውሻዋ ለሌላ ሕመም ሰልፋ ያለበት መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ በአንዳንድ ውሾች ላይ እንባን ያደርቃል።

የእንባዋ መጠን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ፊታችንን ወደ ዐይን ቆቡና ወደ ሽፋሽፍቱ፣ ከዚያም ወደ አለርጂ እናዞራለን። አለርጂ ያለበት ውሻ ዐይኑን ከማሸት ሌላ መዳፉንም ይልሳል፣ ጆሮውንም ያካል፤ ከዐይኑ የሚወጣውም በመጀመሪያ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡና ያልተከተበ ቡችላ ያላቸው ሰዎች ግን አንድ ነገር ለይተው ይያዙ፦ የሁለቱም ዐይኖች ዐይናር ከአፍንጫ ፈሳሽ፣ ከሳልና ከትኩሳት ጋር ከመጣ ዲስቴምፐር የተባለው ተላላፊ የውሾች በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቡችላው ከሌሎች ውሾች ተለይቶ ወዲያውኑ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ቡልዶግ ቡችላዬ ሌሊቱን ከዐይኑ ጥግ ቀይ፣ ክብ እባጭ ወጥቶበት አደረ። አያሳክከውም፤ አይጨፍንምም። አንድ የማውቀው ሰው ተቆርጦ ቢወጣ ይሻላል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይቆረጥ። እባጩ እንባ የሚያመነጭ የተፈጥሮ ዕጢ እንጂ የበቀለ ትርፍ ሥጋ አይደለም፤ ከሦስተኛው የዐይን ቆብ ሥር የሚገኘው የእንባ ዕጢ የያዘው ጅማት ላልቶ ወደ ውጭ ተገልብጦበት ነው። ዕጢው ከጠቅላላው የእንባ ውኃ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ያመነጫል። ድሮ ድሮ ተቆርጦ ይጣል ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ውሾች ከላይኛው ደብዳቤ ላይ በተገለጸው የዐይን መድረቅ እየተያዙ ሲመጡ ይህ አሠራር ቀረ። ዛሬ የሚመከረው ዕጢውን ወደ ቦታው መልሶ የሚሰፋ ቀዶ ሕክምና ነው። ችግሩ የሚታየው በአብዛኛው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ውሾች ሲሆን ሁለተኛውም ዐይን ተከትሎ ሊወጣበት ይችላል። እንደ ቁስሉ ደብዳቤ የዛሬውኑ አጣዳፊ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ዕጢው በቆየ ቁጥር እያበጠ ስለሚሄድና መመለሱም ስለሚከብድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሳዩት፤ እስከዚያው በሰው ሠራሽ እንባ እያራሱ እንዳያሸው ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ ነጭ ውሻዬ ከዐይኖቹ ሥር ቀይ ቡናማ መስመር አለው። ደም ነው ወይ?

መልስ፦ ደም አይደለም። በእንባ ውስጥ ያለ ፖርፊሪን የተባለ ንጥረ ነገር ለብርሃንና ለአየር ሲጋለጥ ፀጉርን እንዲህ ያቀልማል። ዐይኑ ያልቀላና የማይጨፍን ከሆነ ከመልክ ያለፈ ጉዳት የለውም፤ በዐይኑ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በጥንቃቄ ማሳጠርና ፊቱን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል። እድፉን ከውስጥ ያጠፋሉ ተብለው ከሚሸጡ ዱቄቶች አንዳንዶቹ ታይሎሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ስለሚይዙ ለመልክ ሲባል ባይሰጡ እመርጣለሁ። መስመሩ በቅርቡ፣ ያውም በአንድ ዐይን ብቻ የጀመረ ከሆነ ግን የእንባ መውረጃው መዘጋቱ ወይም ዐይኑን የሚነካ ፀጉር መኖሩ ይመርመር።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ውሻዬ ዐይኖች ከ2 ዓመት ወዲህ ሰማያዊ ጭጋግ መልበስ ጀምረዋል፤ የእርጅና ነው ተብዬ ትቼው ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ቀኝ ዐይኑ ቀልቷል፣ ከግራው ይልቅም ደመና ለብሷል፤ ምግብም አልበላም፤ ጭንቅላቱን ስነካው ይሸሻል። እርጅናው ባሰበት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን መልስ እስኪታተም ጠብቀው እንዳላነበቡት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለእርስዎ በግል ጽፈንልዎታል። እዚህ የማወጣው ሌሎች ሁለቱን ነገሮች እንዳያምታቱ ነው።

ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ በሁለቱም ዐይኖች እኩል የሚታየው ሰማያዊ ግራጫ ጭጋግ የዐይን ሌንስ ዕድሜውን ሙሉ እያደገ መሐሉ እየጠበቀ በመሄዱ የሚመጣ ነው፤ አያምም፣ ዐይንን አያቀላም፣ እይታንም ብዙም አይጎዳም። እንደ ወተት የነጣው የዐይን ሞራ ከዚህ ይለያል፤ ብርሃን አያሳልፍምና ያሳውራል። ብዙ ውኃ የሚጠጣና ብዙ የሚሸና ውሻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱም ዐይኖቹ ከነጡ የስኳር በሽታ መመርመር አለበት። እርስዎ የገለጹት በአንድ ዐይን ላይ በድንገት የመጣ ቅላት፣ ደመናና ሕመም ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ግላኮማ ወይም የዐይን የውስጥ ብግነት ሊሆን ይችላል።

የጤነኛ ውሻ የዐይን ውስጥ ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በግላኮማ ጊዜ ይህ ግፊት ከመጠን በላይ አሻቅቦ የእይታን ነርቭ ይጨፈልቀዋል፤ ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ ዘላቂ ዕውርነት ሊከተል ይችላል። ቤት ውስጥ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ፦ በመብራት ፊት ብርሃን የሚገባበት ጥቁሩ ቀዳዳ ሰፍቶ ከቀረና ካልጠበበ ግላኮማ፣ ከሌላኛው ዐይን ይልቅ ጠብቦ ከተገኘ የውስጥ ብግነት ያስጠረጥራል። ይህ ግን ለሐኪም የሚነገር ፍንጭ እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ሁለቱን የሚለየው የግፊት መለኪያው ሲሆን የአንዱ ሕክምና ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። የውስጥ ብግነት ከተገኘ ሐኪሙ ዐይኑን ብቻ ሳይሆን ደሙንም ቢመረምር አይግረምዎት፤ መዥገር የሚያስተላልፋቸውን ጨምሮ ብዙ የመላ ሰውነት በሽታዎች መጀመሪያ የሚታዩት ዐይን ላይ ነውና። ግላኮማው በዘር የሚወረሰው ዓይነት ከሆነ ጤነኛው ዐይንም ተራውን ስለሚጠብቅ የመከላከያ ጠብታ ሊታዘዝለት ይገባል።

ጥያቄ፦ ውሻችንን ስናጥብ ሻምፑ ዐይኑ ውስጥ ገባ። ምን እናድርግ? የወለል ማጽጃ ቢሆንስ ኖሮ?

መልስ፦ ለሻምፑ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ወይም በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ) ለጥቂት ደቂቃዎች እየደጋገማችሁ አጥቡት። ከ1 ሰዓት በኋላም ከጨፈነ ይታይ፤ በተለይ ክሎርሄክሲዲን ያለባቸው የቆዳ ሻምፑዎች ኮርኒያን ያቆስላሉ። ለኬሚካል ማጽጃ ግን ሐኪም ጋ ከመደወልም በፊት የሚቀድመው እጥበቱ ነው፤ ሳያቋርጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ቆቡን ገልጣችሁ፣ በዝግታ እያፈሰሳችሁ። በሌላ ኬሚካል ለማርከስ አትሞክሩ። እንደ በረኪናና የቧንቧ መክፈቻ ያሉ አልካሊዎች ከአሲድ ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቀው ስለሚገቡ ዐይኑ ደህና ቢመስልም ዕቃውን ይዛችሁ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ሂዱ።

ጥያቄ፦ የውሻዬን ዐይን ስጠርግ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጆቼ አብረውት ይጫወታሉና ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ያዩት የዐይን ትል ይመስላል፤ ቴላዚያ ይባላል። ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሲሆን እንባ የሚልሱ ዝንቦች ከእንስሳ ወደ እንስሳ ያመላልሱታል። ሐኪሙ ዐይኑን አደንዝዞ ትሎቹን በእጥበት ወይም በወረንጦ ያወጣቸዋል፤ የቀሩትንም የሚገድል መድኃኒት ያዝዛል። እርስዎ ራስዎ ለማውጣት አይሞክሩ፤ ኮርኒያውን መጫር ቀላል ነው። ሰውንም አልፎ አልፎ የሚይዝ ቢሆንም የሚተላለፈው በዝንቡ እንጂ ውሻውን በመንካት አይደለም፤ ልጆቹ ከውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን መታጠባቸው ለሌላውም ሁሉ የሚበጅ ስለሆነ አይቅር።

ጥያቄ፦ የፔኪኒዝ ውሻዬ ለኮርኒያ ቁስል በቀን 6 ጊዜ ጠብታ ታዝዞላታል፤ ሁለት ዓይነት ጠብታና ማታ ማታ ቅባት። ጠርሙሱን ስታይ ትሸሻለች፤ በግድ ስይዛት ትናከሳለች። አሁን ግማሹን እየዘለልኩ ነው። ዘዴ ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ አስቀድሜ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፦ እንደ ፔኪኒዝ፣ ፐግና ሺ ዙ ያሉ ፊታቸው ደፍጠጥ ያለና ዐይናቸው ፈጠጥ ያለ ውሾች ሲታገሉ አንገታቸው ወይም የአንገታቸው ቆዳ አጥብቆ ከተያዘ ዐይናቸው ከጉድጓዱ ሊወጣ ይችላል። በእነዚህ ዝርያዎች ላይ የአንገት ማሰሪያም ቢሆን በደረት ማሰሪያ ቢተካ ይሻላል። እንዲህ ዓይነት አደጋ ከደረሰ ዐይኑን ለመመለስ አይጫኑት፤ በሳላይን የራሰ ጎዝ ጣል አድርገውበት በደቂቃዎች ስሌት ወደ ሐኪም ይሩጡ።

ለጠብታው ውሻዋን ከፊት ለፊት አይግጠሟት። መሬት ላይ ተንበርክከው ጀርባዋ ወደ እርስዎ እንዲሆን በጉልበቶችዎ መካከል ያስቀምጧት፤ ወደ ኋላ የምትሸሽበት ቦታ አይኖራትም፣ ጠርሙሱንም አታየውም። ዐይናር ካለ መጀመሪያ በራሰ ጎዝ ከአፍንጫ በኩል ካለው ጥግ ወደ ውጭ ይጥረጉት፤ ጥጥ ክሩ ዐይን ውስጥ ስለሚቀር አልመርጠውም፤ ለእያንዳንዱ ዐይንም የየራሱ ጎዝ ይኑረው። በአንድ እጅ አገጯን ቀና ያድርጉ፤ ጠርሙሱን የያዘውን እጅ ግንባሯ ላይ አስደግፈው በዚያው እጅ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ላይ ሳብ ያድርጉና ከጭንቅላቷ በላይ 1 ጠብታ ያንጠባጥቡ። እጁ ግንባሯ ላይ ስለተደገፈ ብትወራጭ እንኳ ጠርሙሱ አብሯት ይንቀሳቀሳል እንጂ ዐይኗን አይወጋም። ሁለተኛ ጠብታ መጨመር አያስፈልግም፤ የውሻ ዐይን ከ1 ጠብታ በላይ ስለማይዝ የቀረው ወደ ጉንጯ ይፈሳል። በሁለቱ ዓይነት ጠብታዎች መካከል ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ቅባቱ ሁልጊዜ የመጨረሻው ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ጠብታው እንዳይሠርግ ይከለክለዋልና። ቅባቱም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከበቂ በላይ ነው።

ከእያንዳንዱ ጠብታ በኋላ ወዲያውኑ፣ ውሻዋ ሳትነሣ፣ የምትወደውን ነገር ይስጧት፤ ያንንም ነገር በሌላ ሰዓት አይስጧት። በቀኑ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ጠርሙሱን ሳይከፍቱ እንዲሁ አስቀምጠዋት፣ ግንባሯን ነክተው፣ ሸልመው ይልቀቋት፤ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ልዩነቱን ያዩታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ረጋ ብላ ትቀበል የነበረችው በድንገት እንደገና መናከስ ከጀመረች ዐመሏን ሳይሆን ቁስሏን ይጠርጥሩ፤ በቀጠሮው ቀን ሳይሆን በዚያው ዕለት ትታይ። 6 ጊዜው በእርግጥ የማይቻልዎ ከሆነም ዝም ብለው ከሚዘሉ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በቅባት የሚተካበት ወይም ውሻዋ ለጥቂት ቀናት ሕክምና ቦታ የምትቆይበት መንገድ ሊኖር ይችላል።

ሕክምናው ሲያበቃ የተረፈውን አያስቀምጡት። አብዛኞቹ የዐይን ጠብታዎች አንዴ ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ መጣል ያለባቸው ስለሆኑ፣ ዛሬ የተከፈቱበትን ቀን በየጠርሙሱ ላይ ይጻፉበት።